በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያትና የታገደችው ኮመዲያ

በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያምን የማያውቅ የሕግ ተማሪ የለም ብል ማጋነን አይሆንብኝም። የመጀመሪያው የተጻፈ የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በተነሣ ቁጥር ስማቸው ይነሣል። ታሪክ የሚወድ ሰው ደግሞ ጄኔቫ ላይ፣ በመንግሥታቱ ማኅበር ፊት ቆመው ፋሺስት ኢጣሊያን ሲሞግቱ ያስታውሳቸዋል። ኮመዲያ ጸሐፊ እንደነበሩ የሚያውቀው ግን ከቴያትር ሰዎች ውጭ ጥቂቱ ነው። ያቺ ኮመዲያ እንድትታገድና ቅጂዎቿ እንዲለቀሙ መታዘዙን ደግሞ እኔ በተማርኩበት የሕግ ክፍል ያነሣልን ሰው አልነበረም። ሊነሣልን ይገባ ነበር። የነገሩ ሕግነት ከቴያትርነቱ ይብሳልና።

ጉዳዩን እንዳነሣው የገፋፋኝ ቻርሊ ቻፕሊን ነው። እዚህ ሸዋ ሮቢት፣ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ዳር ካሉት ሻይ ቤቶች በአንዳንዶቹ የቻፕሊን ድምፅ አልባ ፊልሞች በቴሌቪዥን ይከፈታሉ። ይፋት ቆላ እንደምታውቁት አማርኛ፣ አርጎብኛ፣ ኦሮምኛና አፋርኛ በአንድ ገበያ ላይ የሚገናኙበት አገር ነው። ማሾውን ሸጦ አረፍ ያለው የቀወት ገበሬ፣ ከብት ሊሸጥ ከበረሃው የወጣው አፋር፣ ምሳውን በልቶ አውቶቡሱን የሚጠብቀው መንገደኛ፣ ሁሉም እኩል ይስቃሉ። አስተርጓሚ የለም፤ ቢኖርም ሥራ ያጣል።

ያ ፊልም ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። አሜሪካ ተሠርቶ፣ ውቅያኖስ ተሻግሮ፣ ሮቢት ሻይ ቤት ገብቷል። በዚያው ሰሞን አዲስ አበባ ላይ የተጻፈችው የእኛው ኮመዲያ ግን 220 ኪሎ ሜትር ያህሏን መንገድ ጨርሳ እዚህ አልደረሰችም። ለምን?

መልሱን ለማግኘት ከሰውዬው ሕይወት መነሣት ይሻላል።

ተክለ ሐዋርያት የተወለዱት በሰኔ 1876 ዓ.ም. ሸዋ ውስጥ፣ ሰያ ደብር ነው። ከእኛ ቆላ ሽቅብ ወጥቶ ደጋውን ለሚያውቅ ሰው ሩቅ አገር አይደለም። ገና በልጅነታቸው ሐረር ወርደው በራስ መኰንን ቤት አደጉ። የዐድዋ ጦርነት ሲደረግ 12 ዓመት እንኳ አልሞላቸውም፤ ቢሆንም ከራስ መኰንን ጦር ጋር ተጉዘው በዓይናቸው አይተውታል። ከድሉ በኋላ ወደ ሩሲያ ተላኩ። ሴንት ፒተርስበርግ ውስጥ አንድ ኮሎኔል ተቀብሎ አሳደጋቸው፣ በሚካኤሎቭ የመድፈኞች ትምህርት ቤትም ሠለጠኑ። ከ10 ዓመት በላይ በሰው አገር ቆዩ። ለአንድ የሰያ ደብር ልጅ ይህ ሌላ ሰው ሆኖ መመለስ ማለት ነው።

ከሩሲያ በኋላም አውሮፓን አልተዉም፤ ፈረንሳይ ሄደው ስለ እርሻ ተምረዋል። ሲመለሱ በልጅ ኢያሱ ዘመን ወደ ቤተ መንግሥት ቀረቡ፣ በኋላ ግን በመስከረም 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱን ከሥልጣን ካወረዱት ወገን ቆሙ። ከዚያ ጅጅጋን አስተዳደሩ፣ ቀጥሎም ጨርጨርን። ዛሬ ጭሮ የምትባለው አሰበ ተፈሪ በፕላን የተቆረቆረችው በእሳቸው ዘመን ነው። መንገድ፣ ፍርድ ቤት፣ የቀረጥ ሥርዓት፣ ሁሉንም አንድ ላይ ሊያስተካክሉ የሚሞክሩ ዓይነት ሰው ነበሩ። እንዲህ ያለ ሰው ጓደኛ አያበዛም።

ኮመዲያዋ የመጣችው በዚህ መሐል ነው። እንደሚነገረው ተክለ ሐዋርያት አዲስ አበባ ውስጥ ቴያትር ተብሎ የተጠራ ዝግጅት ላይ ተጋብዘው ሄዱ፤ ያዩት ግን ዘፈንና ጭፈራ ብቻ ሆነባቸው። መኳንንቱም ቴያትር ማለት ይኸው መስሏቸዋል። በአውሮፓ መድረክ ዓይናቸውን የገለጡት ሰው ተናደዱ፣ ተናደውም ዝም አላሉም፣ ጻፉ። በ1913 ዓ.ም. ገደማ ‹‹ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮመዲያ›› የተሰኘችው ሥራ በቴራስ ሆቴል ለታላላቅ ሰዎች ታየች። በአማርኛ የተጻፈች የመጀመሪያዋ ዘመናዊ ቴያትር የምትባለው እሷ ናት።

ርዕሷ እንደሚናገረው በመድረኩ ላይ የሚናገሩት አውሬዎች ናቸው። መነሻዋ የፈረንሳዊው የላ ፎንቴን ተረቶች ናቸው። ሩሲያ ውስጥ ትምህርት ቤት ገብቶ የእነሱን ክሪሎቭ ሳያነቡ ማደግ የሚቻል አይመስለኝምና የሩሲያውም ተረት እጁ ይኖርበታል ባይ ነኝ። ይሁንና ነገሩን ከውጭ የመጣ ብቻ አድርጎ ማየት ስሕተት ነው። ይፋት ውስጥ አንድ ሽማግሌ ሹሙን መውቀስ ሲፈልግ ስለ ጦጣና ስለ ጅብ ያወራል። ጅቡ ማን እንደሆነ ተሰብሳቢው ሁሉ ያውቃል፤ ክስ ልመሥርት ቢባል ግን ማስረጃ የለም። ተክለ ሐዋርያት ያደረጉት ይህንኑ ነው፣ ልዩነቱ ከዛፍ ጥላ ሥር አውጥተው መድረክ ላይ ማቆማቸው ነው። የመንግሥቱ ሥራ መበላሸት፣ የሹማምንቱ ጉቦኝነትና ስንፍና በአውሬ አፍ ተነገረ።

ችግሩ ተመልካቹ ሰም ለበስ ነገር ሲሰማ ያደገ መሆኑ ነው። ወርቁን ለማግኘት ጊዜ አልፈጀበትም። ወሬው ንግሥት ዘውዲቱ ዘንድ ደረሰ። ሥራዋ ታገደች፣ የታተሙት ቅጂዎችም እንዲሰበሰቡ ታዘዘ። እገዳው በአንዲት ድርሰት ላይ ብቻ አልቀረም። ቴያትር ራሱ እንደ አደገኛ ነገር ተቆጠረና እስከ 1923 ዓ.ም. የዘውድ በዓል ድረስ መድረኩ ቀዘቀዘ። ለነገሩ ዘመኑ ሕዝቡ ፊልም የሚታይበትን ቤት የሰይጣን ቤት ብሎ የሚጠራበት ዘመን ነበር። በአንድ ወገን ካህናቱ፣ በሌላ ወገን መኳንንቱ፤ አዲስ ነገር የሚያልፍበት በር ጠባብ ነበር።

እዚህ ላይ የሕግ ሰው መሆኔ አያስችለኝም። ንግሥቲቱ የጣሱት ሕግ አልነበረም፤ የሚጣስ ሕግ አልነበረማ። የፕሬስ ሕግ የለም፣ የደራሲን መብት የሚጠብቅ ድንጋጌ የለም፣ እገዳው ይነሣልኝ ተብሎ የሚቀርብበት ችሎት የለም። የድርሰት ባለቤትነት በሕጋችን ወግ ያለው ቦታ ያገኘው በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው፣ ያውም ከ30 ዓመት በላይ ዘግይቶ። እግዱ የመጣው ከቃል ነው፣ ቃሉም ይግባኝ የለውም።

አሁን ወደ ቻፕሊን ልመለስ። ‹‹ፋቡላ›› በታየችበት ሰሞን፣ እ.ኤ.አ. በ1921፣ ቻፕሊን ‹‹ዘ ኪድ›› የተባለውን ፊልም ለሕዝብ አቀረበ። አንድ ድሀ ተንከራታች የተጣለ ሕፃን አግኝቶ የሚያሳድግበት፣ የሚያስቅም የሚያስለቅስም ፊልም ነው። ያ ፊልም ግን ለጥቂት ነው የተረፈው። ቻፕሊን በ1920 ከሚስቱ ጋር በፍቺ ክርክር ላይ ነበር። የእሷ ወገን ጠበቆች ያላለቀውን ፊልም እንደ ንብረት ሊያስይዙት ተነሡ። ቻፕሊን ይህን ሲሰማ ከ400 ሺህ ጫማ የማያንሰውን ጥሬ ፊልም በቡና ቆርቆሮ ውስጥ አሽጎ ከካሊፎርኒያ ወደ ዩታ፣ ሶልት ሌክ ሲቲ አሸሸው። በእኛ መለኪያ ከ120 ኪሎ ሜትር በላይ ማለት ነው፤ ቢዘረጋ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ደብረ ብርሃን ሊገባ ጥቂት ይቀረዋል። እዚያ፣ የካሊፎርኒያ ፍርድ ቤት ትእዛዝ በማይደርስበት ክልል፣ ከረዳቶቹ ጋር ሆቴል ውስጥ ዘግቶ ቆራረጠውና ቀጣጠለው።

ልብ በሉ፤ ሁለቱም ኮመዲያዎች በአንድ ዘመን ተይዘው ሊቀሩ ነበር። አንዱን ያዳነው ባለቤቱ የሚሸሽበት ሌላ ክልል፣ ሌላ ዳኝነት መኖሩ ነው። በጅሮንዱ ግን የሚሸሹበት ክልል አልነበራቸውም። ጅጅጋም ጨርጨርም የአንዲት ዘውድ ግዛት ናቸው።

አንባቢ ግን አሜሪካ ሁሉን ያዳነ እንዳይመስለው። የአሜሪካ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በ2013 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት በድምፅ አልባው ዘመን ከተሠሩት ወደ 11 ሺህ የሚጠጉ ረጃጅም ፊልሞች መካከል ሙሉ ሆነው፣ በመጀመሪያው ቅርጻቸው የተገኙት 14 ከመቶ ብቻ ናቸው። ጥሬ ዕቃው ናይትሬት የተባለ፣ እንደ ክብሪት የሚቀጣጠል ነገር ነበር። ያልተቃጠለው በስብሷል፣ ያልበሰበሰውን ኩባንያዎቹ ቦታ ለማስለቀቅ ጥለውታል። ሌላው ታላቅ ቀልደኛ በስተር ኪተን ሥራዎቹ ከተረፉለት አንዱ መንገድ ቀድሞ ይኖርበት የነበረውን ቤት የገዛው ተዋናይ ጄምስ ሜሰን በግቢው ውስጥ የተረሱ የፊልም ጥቅሎች ማግኘቱ ነው። ቻፕሊን የተሻለ ዕድል የገጠመው ከ1918 ወዲህ የሠራቸውን ፊልሞች ባለቤትነት በእጁ ስላደረገ ነው። ባለቤት ያለው ዕቃ ይጠበቃል። በ1971 በሸመገለ ዕድሜው ‹‹ዘ ኪድ››ን እንደገና አውጥቶ አንዳንድ ቦታ ቀንሶ፣ ሙዚቃውን ራሱ ደርሶለታል።

በጅሮንዱ ኮመዲያቸውን ካጡ በኋላ አላኮረፉም። ወይም አኩርፈው እንደሆነ ሥራ አላቆሙም። አፄ ኃይለ ሥላሴ በ1923 ዓ.ም. ዘውድ ሲጭኑ የገንዘብ ሚኒስትር ሆኑ፤ በጅሮንድ የሚለው ማዕረግም ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። በዚያው ዓመት ሐምሌ 9 የታወጀውን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት እሳቸው ናቸው። በ1889 እ.ኤ.አ. የወጣውን የጃፓን የሜጂ ሕገ መንግሥት አርአያ ያደረገ፣ 55 አንቀጾች ያሉት ሰነድ ነው። በአዋጁ ጊዜ ለመኳንንቱ ምንነቱን ያስረዱትም ተክለ ሐዋርያት ነበሩ።

ይህን ሰነድ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ስለ ሕዝብ መብት የሚያወራ ምዕራፍ አለው። ያለ ሕግ መታሰር እንደሌለ ይላል፣ ንብረት እንዳይነጠቅ ይላል፣ ለንጉሠ ነገሥቱ አቤት ማለት እንደሚቻል ይላል። ስለ መናገርና ስለ መጻፍ ነጻነት ግን አንቀጽ የለውም። ያ የመጣው በ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41 ነው፣ እሱም በሕግ መሠረት የሚል ልጓም ተበጅቶለት።

ኮመዲያው የታገደበት ሰው፣ ብዕሩ በእጁ ሳለ፣ ስለ ኮመዲያ ዝም አለ። ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። ፍርዴ ግን የሚያከብዳቸው አይደለም። ሰነዱ የንጉሠ ነገሥቱ ስጦታ ተብሎ የቀረበ እንጂ የአርቃቂው ሐሳብ ብቻ አልነበረም። መኳንንቱ ርስታቸውና ሹመታቸው እንዳይነካ ዓይናቸውን አፍጥጠው በተቀመጡበት ጉባኤ የቴያትር ነጻነት የሚል ቃል ማስገባት ሌላውን ሁሉ አብሮ ማስጣል ነበር። ሰው ያለ ሕግ አይታሰርም የሚለውን ማስገባታቸው በዚያ ዘመን ሚዛን ትልቅ ነገር ነው። ቢሆንም ቅር ይለኛል። ከሁሉ በላይ በእሳቸው የደረሰ ነገር ነበርና ከሁሉ በላይ እሳቸው ያውቁት ነበር።

ቀጥሎ አውሮፓ ተላኩ። ከወልወል ግጭት በኋላ ኢጣሊያ ጦሯን ስታከማች በጄኔቫ የኢትዮጵያ ጉዳይ ተከራካሪ ሆኑ። ክርክሩን በሕግ አሸንፈውታል ማለት ይቻላል፤ በ1928 ዓ.ም. ማኅበሩ ኢጣሊያን ወራሪ ብሎ ወሰነ። ውሳኔው ግን አፈጻጸም አልነበረውም። አፈጻጸም የሌለው ፍርድ ምን ማለት እንደሆነ እዚህ አገር ፍርድ ቤት የተመላለሰ ሁሉ ያውቀዋል።

ከሽንፈቱ በኋላ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር የነበራቸው ግንኙነት ሻከረ። አገር ነጻ ስትወጣም ቶሎ አልተመለሱም። ማዳጋስካር ደሴት ላይ በስደት ለረጅም ዓመታት ኖሩ፤ የተመለሱት በ1940ዎቹ መጨረሻ ነው። ከዚያ ወዲህ ከሹመት ርቀው ሐረርጌ ውስጥ እርሻቸው ላይ ተቀመጡ፤ ፈረንሳይ የተማሩት ነገር መጨረሻ ላይ ጠቀመ። የጽሕፈቱን ነገር ልጃቸው ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት ተረከበ። ‹‹አርአያ›› የተባለው ልብ ወለድና ‹‹ቴዎድሮስ›› የተባለው ቴያትር የእሱ ናቸው። አባት የተከለከሉበት መድረክ ላይ ልጅ ወጣ።

ቻፕሊንም ስደት አልቀረለትም። በ1952 እ.ኤ.አ. ከአሜሪካ እንደወጣ የመመለሻ ፈቃዱ ተሰረዘና ስዊዘርላንድ፣ በጄኔቫ ሐይቅ ዳር ኑሮውን መሠረተ። ተክለ ሐዋርያት ለአገራቸው በተሟገቱባት ከተማ ሐይቅ ማለት ነው። የሞቱትም በአንድ ዓመት ነው። በጅሮንዱ በሚያዝያ 1969 ዓ.ም.፣ ቻፕሊን በዚያው 1977 እ.ኤ.አ. የገና ዕለት።

ከሞቱ በኋላ ግን መንገዳቸው ተለያየ። የቻፕሊንን ፊልሞች ኢጣሊያ ውስጥ የቦሎኛ ከተማ የፊልም ቤተ መዛግብት አንድ በአንድ አጥቦ፣ ጠግኖ፣ አዲስ ቅጂ አውጥቶላቸዋል። የተክለ ሐዋርያት ‹‹የሕይወቴ ታሪክ›› በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ታትሞ አንባቢ እጅ የገባው በ2006 እ.ኤ.አ. ነው፣ ካረፉ 30 ዓመት ሊሞላ ሲል። በዚያው በ2006 የቦሎኛው ቤት የኃይሌ ገሪማን ‹‹ምርት ሦስት ሺህ ዓመት›› ጠግኖ አዲስ አደረገው። የቻፕሊን ፊልም የታጠበበት ገንዳ ውስጥ የእኛም ፊልም ገብቷል። ደስ ብሎኛል፤ ግን ለመዳን ቦሎኛ ድረስ መሄድ ነበረበት።

‹‹ፋቡላ›› ጨርሳ አልጠፋችም። ንግሥቲቱ ያስለቀሙት ቅጂ ሁሉንም አልጨረሰም፤ የቴያትር ታሪክ ተመራማሪዎች ጽሑፏን አንብበው ጽፈውባታል። ሆኖም ተመራማሪ ያነበባት ኮመዲያና ሕዝብ የሳቀባት ኮመዲያ አንድ አይደሉም። እኛ ቅርስ ስንል ድንጋይና ብራና ይታየናል። እዚሁ ይፋት ውስጥ ኖራ የተባለችው የጥንቱ የኢፋት ከተማ ፍርስራሽ፣ የመስጊዷ ግድግዳ ሳይቀር፣ ቅርስ ነው ብንባል ማንም አይከራከርም። ሳቅ ቅርስ ነው ብንል ግን ፈገግ ይሉብናል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 29 ቅድመ ምርመራን ከልክሏል፣ በአንቀጽ 41 መንግሥት የባህልና የታሪክ ቅርሶችን የመንከባከብ ኃላፊነት እንዳለበት ደንግጓል። በ1991 ዓ.ም. የወጣው የብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አዋጅ ቁጥር 179ም አለ። ሕግ አላጣንም።

ያጣነው ሁለተኛ ቅጂ ነው። ይህን የይፋት ሰው ከማንም በላይ ያውቀዋል። በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ስትቃጠል፣ በኅዳር 2014 ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ሲገባ፣ ሰው ከቤቱ ሲወጣ ምን እንደያዘ የጠየቀ ይረዳዋል። የመሬት ደብተር፣ የልጅ የትምህርት ማስረጃ፣ የሠርግ ፎቶግራፍ። በፌስታል ተጠቅልሎ በብብት ሥር። ቻፕሊን በቡና ቆርቆሮ ካደረገው አይለይም። አንድ ቅጂ ብቻ ያለው ሰነድ የሚኖረው ጠባቂው እስካለ፣ ቤቱም እስካልተቃጠለ ድረስ ነው።

አንድ የመጨረሻ የሕግ ነጥብ ልጨምር። በ1996 ዓ.ም. በወጣው የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 መሠረት የደራሲ ኢኮኖሚያዊ መብት ደራሲው በሕይወት እስካለና ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። ‹‹ዘ ኪድ›› በአሜሪካ ሕግ የማንም ሰው ሆኗል፤ የሮቢቱ ባለ ሻይ ቤት ቢያሳየው የሚከሰው የለም። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ካረፉ 50 ዓመት የሚሞላው ደግሞ በሚያዝያ 2019 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ‹‹ፋቡላ››ን ማሳተምም ሆነ መድረክ ላይ ማውጣት ለሚፈልግ፣ የደራሲውን ስም እስካልዘለለ ድረስ፣ የሚከለክለው የቅጂ መብት አይኖርም። የድራማ ክበብ ያላቸው የሸዋ ሮቢት ትምህርት ቤቶች የአውሬ ጭምብል ከካርቶን መሥራት ያቅታቸዋል ብዬ አላምንም። ጽሑፉን አባዝቶ የሚሰጣቸው ሰው ነው የሚጎድለው።